ሂዱ የሚል ጡሩምባ

ጋሽ አባይነህ ጡሩምባ ሲነፉ ሰው ይመጣል። በእኛ ሰፈር ይህ እንደ ዝናብና እንደ ጭቃ ነው፤ አንዱ ከመጣ ሌላው ሳይጠራ ይከተላል። ጎህ ሲቀድ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በታች ባሉት ቀጫጭን መንገዶች እየዞሩ ሁለት ጊዜ ረዘም አድርገው ይነፋሉ፤ ከዚያ የሟቹን ስም እየጠሩ ማረፉን ይለፍፋሉ። ስሙን አብዛኛው ሰው አይሰማውም። መስማትም አያስፈልገውም። ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ጃኬቱን በሌሊት ልብሱ ላይ ደርቦ ቁልቁል ወደ እድሩ ግቢ ይወርዳል። ማን እንደሞተ የሚጠየቀው እዚያ ነው። ወንዶቹ ድንኳኑንና አግዳሚውን፣ ሴቶቹ ድስቱንና ብርጭቆውን ተሸክመው ወደ ለቅሶው ቤት ይወጣሉ። ጡሩምባ ሰምቶ ያልወረደ ይቀጣል፤ ግን ቅጣት ፈርቶ የሚወርድ ሰው አይቼ አላውቅም። ነገ በእኔም ቤት ይደርሳል ብሎ ነው የሚወርደው።

የእድሩ እቃ ቤት ጠባቂ እኔ ነኝ። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር፣ አባቴ የእድሩን ዳኛ አቶ ተስፋማርያምን ለምኖ አስገባኝ። ሥራው እንደ እኔ ላለ ሰው ይመቻል። ሰው ካልሞተ ማንም አይመጣም። በተደረደሩት አግዳሚዎች መሀል ተቀምጬ፣ በበሩ ስንጥቅ ወንዙን እያየሁ፣ ያ ውሃ የት ደርሶ ስሙ እንደሚቀየር ሳስብ ይመሻል።

ግቢያችን ከሰፈሩ ሁሉ ዝቅ ያለ ነው፤ ከእሱ በታች ወንዙ ብቻ ነው ያለው። በአንድ ግንብ የሚዋሰነን የበረኪና ፋብሪካው ነው። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ እዚያ አለ። ሽታውን ለምደነዋል፤ እንግዳ መጥቶ አፍንጫውን ሲይዝ ነው «ለካ ይሸታል» የምንለው። ግንቡ ላይ የተሰጣ ጥቁር ሱሪ ሳይቆይ ቡናማ ይሆናል። እትዬ የሺዓለም፣ አትክልት ተራ ሽንኩርት የምትቸረችረው ጎረቤታችን፣ «እኛ ሰፈር ጀርም የለም፤ ጀርሙ ራሱ እያስነጠሰው ወደ ጉለሌ ሸሽቷል» ትላለች። አንቺ ነው የምላት። እርስዎ ያልኳት ቀን «ምን አደረግሁህ፣ ለምን ታስረጀኛለህ?» ብላ አኩርፋኛለች። ቀልዷን ስትጨርስ ግን ሁልጊዜ ታስላለች። ደረቷ ደካማ ነው፤ ቀዝቃዛ ቀን የአስም መተንፈሻዋን መቀነቷ ውስጥ ሸጉጣ ነው የምትወጣው።

ባለፈው ዓመት ከመስቀል በኋላ፣ ሉዋም የምትባል የፋብሪካው የደህንነት ባለሙያ ወደ እድሩ ስብሰባ መጣች። ወጣት ናት፤ ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አይርቅም። የሚያንጸባርቅ ቢጫ ሰደርያ ለብሳ፣ ሰው አግዳሚው ላይ ተጠጋግቶ ቦታ ሲሰጣት እያፈረች ተቀመጠች። በረኪናው የሚሠራው ክሎሪን ከሚባል ጋዝ እንደሆነ፣ ጋዙም በትልልቅ የብረት ሲሊንደር ታምቆ እንደሚመጣ፣ ሲሊንደሮቹ ያሉትም ከዚህ ግንብ ጀርባ እንደሆነ ነገረችን። ሁላችንም ዞረን ግንቡን አየነው። ያው ግንብ ነው።

«ጋዙ ካመለጠ ከአየር ይከብዳል» አለች። «እንደ ውሃ ነው፤ ዝቅ ወዳለበት ነው የሚሄደው። ስለዚህ መሸሽ ወደ ላይ ነው። ወደ ድልድዩ፣ ወደ አስፋልቱ። ወደ ታች በፍጹም እንዳትወርዱ።»

«እህቴ፣ ታች ማለት እኮ እኛ ነን» አለ አንድ ሰው ከኋላ፤ ሰው ሳቀ።

«ለዚህ ነው የመጣሁት» አለች ሳትስቅ።

ማምለጡን በምን እናውቃለን ብለው አቶ ተስፋማርያም ጠየቋት። የማስጠንቀቂያ ሳይረን ለጊዜው እንዳልተገዛ፣ ድርጅቱ ግን ከማኅበረሰቡ ጋር በመተባበር ያለውን ለመጠቀም እንዳሰበ አስረዳች። ያለው ምን እንደሆነ ለመናገር ትንሽ ተቸገረች። ከዚያ በእጇ ሚስማር ላይ የተሰቀለውን የናስ ጡሩምባ አመለከተች። ሦስት ጊዜ አጫጭር ከተነፋ የጋዝ ነው፤ ሰው ወደ ላይ ይሸሻል። ረጅም ሁለት ከሆነ እንደ ድሮው ነው።

ጋሽ አባይነህ እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጉንጫቸው ከመንፋት ብዛት የላላ ሰውዬ ናቸው። ተነሱ።

«ልጄ፣ ይቺን ስነፋ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ?»

«ወዴት ይሄዳል?»

«አሁን አንቺ ወደተቀመጥሽበት።»

ሉዋም ወደ ግንቡ ዞር ብላ አየች። ከዚያ ወደ እሳቸው። 

የመሸሽ ልምምዱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሆነ። ድርጅቱ «ደህንነት ይቀድማል» የሚል ቲሸርት ለሁሉም አደለ፤ ቲሸርቱን ሰው ወደደው። ጋሽ አባይነህ ሰፈሩ መሀል ቆመው እንደተባሉት ሦስት ጊዜ አጫጭር ነፉ። እኔና ሉዋም የእድሩ ግቢ በር ላይ ቆመን ጠበቅን። በሮች ተከፈቱ። ሰው ወጣ። ወጣና፣ ሁሉም፣ ቲሸርቱን እንደለበሰ፣ እየተጣደፈ ወደ እኛ ወረደ።

እትዬ የሺዓለም ከፊት ነበረች። ቲሸርቱ ላይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደርባለች።

«ማን ነው? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም እትዬ፤ ልምምድ ነው፤ ወደ ላይ ነው የምትሄጂው!»

«ለሞት ደግሞ ልምምድ መጣ? ተዉኝ፤ እኔ ሳልለማመድ እችለዋለሁ!»

«እኔ እኮ» አለ አንድ የአትክልት ተራ ተሸካሚ እያለከለከ፣ «ሲቆራረጥ ስሰማ ጋሽ አባይነህ ትንፋሽ አጠራቸው፣ እሳቸው ሞተው ጡሩምባው ብቻውን ቀረ ብዬ ነው የሮጥኩት!»

ሰው በሳቅ ሞተ። ሉዋም እጆቿን ዘርግታ «ወደ ላይ፣ እባካችሁ ወደ ላይ» ስትል «እሺ እሺ፣ መጀመሪያ ግን ሟቹን ንገሪን» እያሉ ቀለዱባት። ከፋብሪካው የመጣው ሰው ግን ደስ ብሎት ነበር። ሕዝቡን ግቢው ውስጥ ሰብስቦ ከነቲሸርቱ ፎቶ አነሳው። ተሳትፎው ከተጠበቀው በላይ ነው አለ።

ሁሉም ከሄደ በኋላ ጋሽ አባይነህ እቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። ጡሩምባውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው በጃኬታቸው እጅጌ ጠረጉት።

«ሙሄ» አሉኝ። «ያ ነገር የመጣ ቀን እኔ ነኝ የምፈጃቸው።»

«ጋዙ ነው እንጂ እርስዎ ምን አደረጉ?»

«ጋዙማ ቤታቸው ድረስ ለመውጣት ጊዜ ይፈልጋል። ጠርቼ አፉ ውስጥ የማስገባቸው እኔ ነኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አያወሩም። ሳይረን እንጠይቅ አሉ። «አንተ ተምረሃል፣ አፍ ትሆነኛለህ» ብለው ይዘውኝ ሄዱ። ያልተማርኩትን መናገር እንዴት እንደሚችል አፌ አያውቅም፤ ግን ሄድኩ።

የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ጥሩ ሰው ነው። ሻይ አዘዘልን፤ ጋሽ አባይነህን «አባቴ» እያለ ነው ያነጋገራቸው። «እኛ እኮ ወደ ኢንዱስትሪ ዞን ልንወጣ ነው። ይሄ ግቢ ይፈርሳል። ስንለቅም አፈሩን ሳይቀር አጽድተን ነው የምናስረክበው፤ ግዴታችን ነው። ለሚፈርስ ግቢ ሳይረን ትከሉ ብል የበላይ አካል ምን ይለኛል?»

«መቼ ነው የምትወጡት?»

«እሱ ገና አልተቆረጠም።»

ከዚያ ወደ ወረዳ ሄድን። እዚያ ያለችው ልጅም ጥሩ ነበረች። ሳይረን የፋብሪካው ኃላፊነት መሆኑን ነገረችን። የፋብሪካው ሰው ያለንን ስንነግራት ትንሽ አሰበች። «ደግሞ ሰፈራችሁም እኮ በመልሶ ማልማቱ ይነሳል» አለች። «ለሚነሳ ሕዝብ ማን አዲስ ነገር ይተክላል?»

«እኛስ መቼ ነው የምንነሳው?»

«እሱ ገና ነው።»

«እስከዚያስ ልጄ?»

«እስከዚያ ጡሩምባው አለ አይደል? ባህላዊ ነው፤ ደስ ይላል።»

ወጥተን በፒያሳ በኩል ስንመለስ፣ ጋሽ አባይነህ ቤቶቹ ከፈረሱበት ቦታ ፊት ለፊት ቆሙ። የማውቀው ሱቅ የነበረበት በረንዳ ላይ አሁን አበባ ተተክሏል። «እነሱም ሂያጅ፣ እኛም ሂያጅ» አሉ። «ማንም እዚህ የለም ማለት ነው። ጋዙ ብቻ ነው ነዋሪው።»

ራሳቸው ሌላ ድምፅ ሊፈልጉ ተነሱ። ሰሐን ደበደቡ፤ ሰው ቆራሌው መጣ ብሎ የተሰበረ ወንበር ይዞ ወጣ። ፊሽካ ገዝተው ነፉ፤ የባርና የጀበና ቤት ልጆች ከየደጃፉ «ጋሼ፣ ትራፊክ ሆነው ተቀጠሩ እንዴ? ይቅጡን!» አሏቸው። በባትሪ የሚሠራ ድምፅ ማጉያ ከአንድ የማውቀው ልጅ ተዋስኩላቸው። ጋሽ አባይነህ ገና «ወገኖቼ» ከማለታቸው አንዲት ሴት በመስኮት «የበረሮ አለን አንፈልግም፣ የትኋን ካለህ ቁም!» ብላ ጮኸች። እዚህ ሰፈር ባለቤት የሌለው ድምፅ የለም። ጸሎቱም፣ ሻጩም፣ ሾፌሩም፣ ጠጪውም ድሮ ተከፋፍለውታል። ለሞት የደረሰው ጡሩምባው ነው።

አንድ ምሽት እትዬ የሺዓለም ከአትክልት ተራ ስትመለስ መንገድ ላይ አስቆሟት።

«የሺ፣ ማይልኝ። አጭር አጭር አድርጌ ስነፋ ወደ ላይ እወጣለሁ በይ።»

«ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ?»

«ማይልኝ።»

የሽንኩርት ማዳበሪያዋን መሬት አስቀመጠች። ቀልድ ፊቷ ላይ መጥቶ ሲመለስ አየሁት። «አባይነህ፣ ባለቤቴ ያረፈ ቀን አንተ ነፍተህ ነው ይሄ ሁሉ ሰው የወረደልኝ። ሌት ከቀን አንድ ሰው ብቻዬን አልተወኝም። አሁን አንተ ነፍተህ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ልሮጥ? ልቤ እሺ ቢል እግሬ እንዴት እሺ ይለኛል?»

«እግርሽን ምከሪው።»

«እግር ምክር ይሰማል?» አለችና ማዳበሪያዋን አንስታ ወረደች፤ እያሳለች።

ከዚያ በኋላ ነው መላው የመጣላቸው። አንድ ጠዋት እቃ ቤት መጥተው ነገሩኝ፤ ዓይናቸው በርቶ ነበር። «ሰውን አዲስ ነገር ማስተማር ለምን አስፈለገ? ሰው ጡሩምባ ሲሰማ ይመጣል። ይምጣ። እኔ ግን ታች አልሆንም። ያ ቀን ከመጣ ቀድሜ ድልድዩ ላይ እወጣና ረጅሙን፣ የሚያውቁትን እነፋለሁ። ያኔ ወደ እኔ ሲመጡ ወደ ላይ መጡ ማለት ነው።»

አመንኩ። ለምን አላምን? ቁጭ ብዬ በሐሳቤ ስንት ጊዜ አየሁት፤ ሰው ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ እንደ ሰልፍ ሽቅብ ወደ ድልድዩ ሲወጣ፣ ጋሽ አባይነህ ከላይ ሲነፉ። ያምር ነበር። ለሉዋምም ነገርናት፤ «ይሠራል» አለች፤ በጣም ስለፈለገችው መሰለኝ።

ያ ቀን ነሐሴ ውስጥ መጣ። ሐሙስ ነው፤ ምሳ ሰዓት አልፏል፤ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ሳያባራ ያካፋል። ጋሽ አባይነህ እቃ ቤት አጠገቤ ተቀምጠው ዳቦ ይበላሉ። ሽታው ሲመጣ እንደ ልማዳችን ዝም አልን። ከዚያ ዓይኔን አቃጠለኝ፤ ጉሮሮዬን አንድ ነገር በጥፍሩ ያዘው። ከግንቡ ወዲያ ሰዎች ይጮሃሉ። ሉዋም ጭንብሏን በእጇ እንደያዘች በሩን በርግዳ ገባች።

«ውጡ! ሲሊንደር ነው፤ መዝጊያው አልዘጋ ብሏል፤ ውጡ!»

ጋሽ አባይነህ ዳቦውን ጣሉና ጡሩምባውን ከሚስማሩ ነጠቁ። ሽቅብ ሮጥን። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ደጋግመው ወደቁ፤ ሲወድቁ ጡሩምባውን ከፍ አድርገው ይይዙታል እንጂ እጃቸውን አይተክሉም። ሉዋም ከኋላችን «ለምን አይነፉም? ይንፉ እንጂ ጋሽ አባይነህ!» ትላለች።

«ላይ ስደርስ!»

ወደኋላ ስመለከት ግንቡን ተሻግሮ እቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ የሚተኛ ነገር አየሁ። ፈዘዝ ያለ ቢጫ፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ ከጉልበት ያልበለጠ ጉም። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን ያምር ነበር።

ድልድዩ ላይ ደረስን። ሚኒባሶቹ ጡሩምባቸውን ይነፋሉ፤ ሰው ጃንጥላ ይዞ ያልፋል። ጋሽ አባይነህ የድልድዩን ብረት ተደግፈው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁ። ጠብቀው ሁለቱን ረጅም ነፉ። እንደዚያ ሲነፉ ሰምቻቸው አላውቅም፤ ዝናቡ ራሱ ያቆመ መሰለኝ።

ታች ቆርቆሮዎቹ መሀል በሮች ተከፈቱ። ሰው ወጣ። በቀን የተነፋ ጡሩምባ ድንገተኛ ሞት ነውና ከሌላው ቀን ይበልጥ ተጣደፉ። አንዱ ሌላውን ጠራ። ሁሉም ለአፍታ ቆሙ፣ ወደ ላይ የሚያዩ መሰለኝ። ከዚያ ዞሩና ወረዱ።

ድምፁ ከየት እንደመጣ ማንም አላዳመጠም። ማዳመጥ ማን አስለመዳቸው? ጋሽ አባይነህ ዕድሜያቸውን ሁሉ እየዞሩ ነው የነፉት፤ ዛሬ ከላይ፣ ነገ ከታች። ድምፁ ከየትም ይምጣ፣ መሄጃው አንድ ነው።

ጡሩምባውን ከአፋቸው አውርደው ጮኹ። «ወደ እዚህ! ወደ ላይ! ወደ እኔ!»

ከታች አንድ ሰው ሰማቸው። እጁን አውለበለበ። «መጣን! መጣን!» አለና እየሮጠ ወደ ግቢው ወረደ።

ሦስት አጫጭር ነፉ። ሰው ይበልጥ ሮጠ። እንደገና ነፉ፤ ቤት ውስጥ የቀሩትም ወጡ። ያኔ ጡሩምባውን መንፋት አቆሙ። እጃቸው ላይ እንደ እባብ ነበር የያዙት። ላስቲክ ራሷ ላይ የደፋች አንዲት ሴት ከሁሉም ቀድማ ግቢው በር ጋ ስትደርስ ሁለታችንም አየን፤ በአካሄዷ አወቅናት። ከላይ ስም ቢጠራ አይደርስም። ጋሽ አባይነህ ግን ጠሩት። ደጋግመው ጠሩት።

ወረድን። ሉዋም መንታ መንገዱ ላይ እጆቿን ዘርግታ ሰውን በደረቷ ትገፋለች፤ የተመለሰ ተመለሰ፣ «ለቅሶ ልትከለክይን ነው?» ብሎ ገፍቷት ያለፈ አለፈ። ከዚያ ሳሉ ተጀመረ። ሰው እየተንበረከከ ሽቅብ ወጣ። አምቡላንስ በእኛ መንገድ አይወርድም፤ ጋዝ የዋጡትን በእድሩ አግዳሚ ላይ አጋድመን፣ ለሬሳ እንደለመድነው በትከሻ ነው ወደ አስፋልቱ ያወጣናቸው። እትዬ የሺዓለምን እኔና ያ ተሸካሚ ያዝናት። መተንፈሻዋን መቀነቷ ውስጥ ፈለግሁ፤ አልነበረም። ስትጣደፍ ረስታዋለች።

ከተጎዱት ብዙዎቹ ተሻላቸው። እሷ ሆስፒታል ቀረች፤ ፊቷ ላይ የኦክስጅን ጭንብል ተደፍቶ፣ መናገር ሳትችል።

ፋብሪካው ወዲያው መጣ። ይህን መካድ አይቻልም። ነጭ ልብስ የለበሱ ሰዎች ግቢውን በኖራ አለበሱት፤ በቦቴ ውሃ ግንቡን፣ አግዳሚውን፣ ድስቱን አንድ በአንድ አጠቡ። ያጠቡበት ውሃ ሁሉ ወደ ወንዙ ወረደ፤ ወንዙ አረፋ ደፍቆ አመሸ። «ጸድቷል» አሉን። ድንኳናችን ሽታው አልለቅ ስላለ በአዲስ ተካልን፤ ጎኑ ላይ የድርጅቱ ስም በትልቁ ታትሟል። ሥራ አስኪያጁ መጥቶ በሐዘን ተናገረ። ፊቱ የእውነት ነበር። «ማስጠንቀቂያው በጊዜው ተሰጥቷል» አለ። «ጋሽ አባይነህን እናመሰግናለን። ሕዝባችን ግን በልምምዱ መሠረት አልሄደም። ወደፊት በዚህ ላይ እንሠራለን።»

ሰው ሁሉ ጋሽ አባይነህን አየ። እሳቸው መሬት መሬቱን ያያሉ።

ሉዋምን ሆስፒታል ኮሪደር ላይ አገኘናት። ሰደርያዋን አልለበሰችም።

«ወደ ላይ ብዬ ነበር» አለች። «ጋሽ አባይነህ፣ ብዬ አልነበር?»

«ብለሻል ልጄ። እኔም ብያለሁ።»

 ሦስታችንም አንድ ወንበር ላይ ተቀመጥን።

እትዬ የሺዓለም በእሑድ ምሽት አረፈች። አቶ ተስፋማርያም ወደ ጋሽ አባይነህ ቤት ሲሄዱ አብሬያቸው ነበርኩ። ጋሽ አባይነህ ጠዋት እንደማይነፉ ነገሯቸው። «በስልክ ይነገር፣ ሙሄ ቤት ለቤት ይዙር፣ እኔ ግን አልነፋም» አሉ።

«የሺዓለምን ያለ ጡሩምባ ልትቀብራት ነው?» አሉ አቶ ተስፋማርያም። «ለሰካራሙም ለሌባውም የነፋኸውን ለእሷ ልትነፍጋት?»

 «እነፋለሁ» አሉ ጋሽ አባይነህ በመጨረሻ።

ጎህ ሲቀድ እኔ እቃ ቤት ነበርኩ። አግዳሚዎቹን ደጅ አወጣሁ፤ አዲሱን ድንኳን ስሙ እንዳይታይ ወደ ውስጥ ገልብጬ አጠፍኩት። ድስቶቹን ደረደርኩ። ከላይ ሁለቱ ረጅም ተሰሙ፤ ቀጥሎ ስሟ። ድምፃቸው ስሟ ላይ ሲደርስ ሰለለ። በሮች ሲከፈቱ፣ እግር ሲሮጥ ሰማሁ። ጠበቅሁ። የሚወርድ እግር አልነበረም። ደግመው ነፉ፣ ቀረብ ብለው። እግሮቹ በረቱና ራቁ። ግቢው ውስጥ እኔና አግዳሚዎቹ ብቻ ነን።

ወጥቼ ሽቅብ ሄድኩ። ቤቶቹ ክፍት ናቸው፤ አንዱ ቤት ውስጥ ሬዲዮ ይናገራል፣ ሰው የለም። ድልድዩ ላይ ስደርስ ሰፈሩ በሙሉ እዚያ ነው። ጃኬት በሌሊት ልብስ ላይ ደርበው፣ ልጆች በጀርባቸው አዝለው፣ እርጥብ ጨርቅ አፍንጫቸው ላይ ይዘው ቆመዋል። ማንም ነጠላውን አላዘቀዘቀም።

ያ የአትክልት ተራ ተሸካሚ ክንዴን ያዘኝ። «ሙሄ፣ ስንት ሲሊንደር ነው?»

«ምንም ሲሊንደር የለም» አልኩ። ሁሉም ዝም ብለው ያዩኛል፤ በሕይወቴ ይህን ያህል ሰው አይቶኝ አያውቅም። «እትዬ የሺዓለም አርፋ ነው። ሞት ነው። ሞት ብቻ ነው፤ ውረዱ።»

ተያዩ። አንዲት ሴት ጨርቁን ከአፏ ሳታነሳ «ማን አረጋገጠ?» አለችኝ።

ከታች ጋሽ አባይነህ ሰው አልሰማኝም ብለው መሰለኝ፣ ከበፊቱ አስረዝመው ነፉ። ድልድዩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ አንድ እርምጃ ወደኋላ፣ ወደ አስፋልቱ አፈገፈገ። እንደገና ነፉ።